የቤት ማኅበራችን «ፈርሷል» ተባልን፤ ፍርድ ቤት የምንቆመው በምን መንገድ ነው? (ደሴ)

ሰኞ ገበያ | ጥር 6 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጉዳዩ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አሳጥሬ ብጽፈው ግን መልስ የሚሰጠኝ ሰው መልሶ ሊጠይቀኝ ስለሚገደድ ከነዝርዝሩ ማቅረብን መርጫለሁ።

በ2005 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ 24 ሆነን የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋምን። አብዛኞቻችን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ስንሆን ሁለት ልብስ ሰፊዎችና አንድ የጭነት መኪና ሾፌርም ነበሩን። የተጠየቀውን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ አስገብተን ከአራት ዓመት ጥበቃ በኋላ ቦታ ተመራን፤ ካርታው በማኅበሩ ስም ወጣ። መንገድና ውሃ ሳይገባልን፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋም በየዓመቱ እየሸሸን፣ መሠረት ማውጣት የቻልነው ስድስት ሰዎች ብቻ ነን። የቀሩት ቦታዎች በድንጋይ ካብ ታጥረው ሣር በቅሎባቸዋል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተማዋ ስትያዝ ከግማሽ በላይ የምንሆነው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሸሸን። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ነፃ ወጥታ ስንመለስ የጸሐፊያችን ቤት ተዘርፎ፣ የአባላት መዝገቡና የቃለ ጉባኤ ደብተሩ ጠፍተው ጠበቁን። በመንግሥት በኩል የነበረው ፋይላችንም አልተረፈም። አንዲት አባላችን ከገበያ የገዛችው ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስትዘረጋው የሌላ ማኅበር የአባልነት ማመልከቻ ሆኖ አገኘችው፤ የአመልካቹ ጉርድ ፎቶግራፍ ሳይቀር እንደተለጠፈበት ነበር።

ባለፈው ሰኔ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት «የአባላት ማጣራት» በሚል ስብሰባ ጠራ። ማስታወቂያው በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ እንጂ ለማንም በእጁ አልተሰጠም። ዘጠኝ ሰው ተገኘ። መስከረም ላይ ደብዳቤ ደረሰን፤ የአባላቱ ቁጥር ሕግ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን በታች ስለወረደ ማኅበሩ ፈርሷል፣ ሒሳብ አጣሪ ተመድቧል፣ ያስገባችሁት ገንዘብ ይመለስላችኋል፣ ቦታው ለከተማው ገቢ ይሆናል ይላል። ሦስት አባላት ገንዘባቸውን ተቀብለው ወጥተዋል። የቀረነው ግን መክሰስ እንፈልጋለን። ማኅበሩ ፈርሷል ከተባለ በኋላ በማን ስም ነው የምንከሰው? ማንንስ ነው የምንከሰው?

ገራዶ | ጥር 7 ቀን 2017

ወንድሜ፣ በፍርድ ቤት ደጅ ከሃያ ዓመት በላይ ስለቆየሁ የማውቀውን ልበል፤ ይህ ግን ፋይሉን ይዞ የሚቆምላችሁን ጠበቃ አይተካም።

በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን ለዩ። የማኅበር መፍረስ አንድ ነገር ነው፤ የሒሳቡ መጣራት ሌላ ነው፤ ከመዝገብ መሰረዝ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ደብዳቤው ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ስላስቀመጣቸው ሁሉም ያለቀ ይመስላል እንጂ እናንተ አሁን ያላችሁት በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ማጣራቱ ተጠናቅቆ ማኅበሩ እስኪሰረዝ ድረስ የምትከራከሩለት ነገር አለ። ከተሰረዘና ቦታው ተሸንሽኖ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ ግን ብትረቱም እንኳ ፍርዱን የምታስፈጽሙበት መሬት ላታገኙ ትችላላችሁና ቀኑ እየሄደባችሁ መሆኑን እወቁት።

ስትመዘገቡ ሥራ ላይ የነበረው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 እና ማሻሻያው ቁጥር 402/1996 ነበሩ፤ ዛሬ ያለው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ማኅበር የሚፈርሰው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው እንጂ መዝጋቢው ስለሰለቸው አይደለም። አባላት ራሳቸው በልዩ ውሳኔ ሊያፈርሱት ይችላሉ፣ ቁጥራቸው ከዝቅተኛው ወለል በታች ሲወርድ ሊፈርስ ይችላል፣ ፍርድ ቤትም ሊያፈርሰው ይችላል። የተጠቀሰባችሁ ሁለተኛው ነው። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው «አባል» በምትለው ቃል ላይ ነው። አባልነት የሚገኘው ተመዝግቦ የሚፈለገውን በመክፈል ሲሆን የሚቀረውም በገዛ ፈቃድ በመልቀቅ፣ በሥርዓቱ በመሰናበት ወይም በሞት ነው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ምልዓተ ጉባኤ ያጎድል ይሆናል፤ ከአባልነት ግን አይጎድልም። እንደ አገላለጽዎ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ የጉባኤን መጉደል የማኅበር መጉደል አድርጎ ቆጥሮታል።

በማን ስም ለሚለው፦ በማኅበሩ ስም ብትከሱ «የፈረሰ ማኅበር አይከስም፣ ወኪሉም ሒሳብ አጣሪው ነው» ይሏችኋል። ስለዚህ በየስማችሁ ክሰሱ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33(2) ከሳሽ በክሱ ጉዳይ ላይ ጥቅም ያለው ሰው እንዲሆን ይጠይቃል፤ ገንዘብ አስገብቶ ቦታ የተመራ ሰው ጥቅም የለውም የሚል ዳኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥቅም ሲኖራቸው በቁጥር 38 መሠረት ከመካከላቸው አንዱን ወይም ጥቂቶቹን መርጠው ስለሁሉም እንዲከራከሩ ማድረግ ይቻላል። ተከሳሾቹ መዝጋቢው፣ ሒሳብ አጣሪውና ቦታውን የሚረከበው ክፍል ይሆናሉ። ሦስተኛውን ብትተዉት «ፍርዱ እኔን አይመለከትም» ብሎ በቁጥር 358 ተቃውሞ ይዞ ይመጣባችኋል።

ክሱን በምታስገቡበት ዕለት የእግድ አቤቱታችሁን አብራችሁ አስገቡ። ቁጥር 154 ለክርክር ምክንያት የሆነው ንብረት እንዳይበላሽ ወይም እንዳይተላለፍ ለማገድ የሚያገለግል ነው። ከነቃለ መሐላው ይሁን።

የኮምቦልቻው | ጥር 7 ቀን 2017

ጋሽ ገራዶ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሌላውን ወገን የሚናገር ሰው ስለጠፋ እኔ ልናገር። እኔ የነበርኩበት የቤት ማኅበር ፈርሷል፤ በመፍረሱም ማንም አላዘነም። ቤት ሠርተን ጨርሰን፣ ካርታው በየስማችን ተዛውሮ፣ ዕዳ ከፍለን ስናበቃ ተሰብስበን በልዩ ውሳኔ አፈረስነው። የቤት ማኅበር ቅሬ (ዕድር) አይደለም፤ ለዘላለም አይኖርም። ሥራው ሲያልቅ ይፈርሳል፣ ሥራውን መሥራት ሲያቅተውም ይፈርሳል። በስምንት ዓመት ስድስት መሠረት ያወጣ ማኅበር ሠርቷል ብሎ ፍርድ ቤት መቆም ለእኔ ይከብደኛል። ሦስቱ ሰዎች ገንዘባቸውን ይዘው መውጣታቸውም ስሕተት ነው ብዬ አላምንም። ክርክሩ ከሥር ፍርድ ቤት እስከ ሰበር ቢሄድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማን ያውቃል?

ሰኞ ገበያ | ጥር 8 ቀን 2017

የኮምቦልቻው፣ አስተያየትዎን በቅሬታ አልወስደውም፤ እኛም በመካከላችን ያነሣነው ነገር ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። እናንተ ያፈረሳችሁት ቤታችሁን ከያዛችሁ በኋላ ነው፤ ካርታው ወደ እናንተ ከዞረ በኋላ የማኅበሩ ስም ባዶ ዛጎል ነበር። የእኛ ካርታ እስከ ዛሬ በማኅበሩ ስም ነው። ስሙ ሲጠፋ ቦታው አብሮ ይጠፋል። ይመለስላችኋል የተባለው ገንዘብም በ2005 የገባው ገንዘብ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግድግዳ የሚያቆም ገንዘብ ዛሬ በር አያስገጥምም። መሠረት ያወጡት ስድስቱ ሰዎች ደግሞ ለድንጋዩና ለብረቱ ምን እንደሚታሰብላቸው ደብዳቤው አንድ ቃል አልተናገረም።

ጦሳ | ጥር 8 ቀን 2017

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ሕጉን ለጋሽ ገራዶ ትቼ ስለ ማስረጃው ልናገር፤ ምክንያቱም መዝገቡ ጠፍቷል ካላችሁ «24 ነን» የሚለው ቃላችሁ ብቻውን አይቆምም።

የጠፋውን መዝገብ ከሌላ መዝገብ መልሳችሁ ማቋቋም ትችላላችሁ። አንደኛው ባንኩ ነው። ዝግ ሒሳቡ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ያለውን የሒሳብ መግለጫ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ገንዘብ ያስገባው ሰው ስም ከነቀኑ ይገኝበታል። አባላት በየቤታቸው ያስቀመጡትን የገቢ ደረሰኝ ሰብስባችሁ ከመግለጫው ጋር በቀንና በመጠን አገናኙት። ሁለተኛው ቦታውን የሰጠው ክፍል ነው፤ ቦታ ስትመሩ የአባላት ስም ዝርዝር ተያይዞ መሄዱ አይቀርምና ግልባጩን ጠይቁ። የሚከለክላችሁ ካለ በክሱ ላይ «በእነሱ እጅ የሚገኝ ማስረጃ» ብላችሁ ዘርዝሩት፣ ፍርድ ቤቱ እንዲቀርብ ያዝዛል።

ሦስተኛው አንዳንድ ሰው ላያስበው የሚችለው ነው፤ የቅሬ መዝገብ። የሞቱ አባላት ካሏችሁ መቼ እንደሞቱና ወራሾቻቸው እነማን እንደሆኑ ቅሬው ያውቃል። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት የግድ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ለማረጋገጥም ሆነ ምስክር ለማግኘት የቅሬ ዳኛው ደብተር ይረዳል። እኔ ባየሁት አንድ ጉዳይ ሟቹ «ከማኅበሩ ለቀቀ» በተባለበት ወር ቅሬው ለቀብሩ ድንኳን ተክሎለት ነበር።

ሠንጠረዥ ስትሠሩ ከስሞቹ ጎን ይህን ሰው ከቁጥር የሚያወጣው ምክንያት ምንድን ነው የሚል ዓምድ ጨምሩ። ዓምዱ ባዶ የሆነበት ሰው ሁሉ አባል ነው።

ሐይቅ ዳር | ጥር 9 ቀን 2017

የማኅበሩ አባል የሆነች እህቴ ጅዳ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት ሠርታ የላከችው ገንዘብ ነው እዚያ ያለው። ስብሰባው መኖሩን እኔም አልሰማሁ፣ እሷም አልሰማች። ውክልናዋ በእኔ ስም አለ፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ስሄድ «ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በውክልና ድምፅ አይሰጥም» ብለው መለሱኝ። እውነት ነው?

ገራዶ | ጥር 9 ቀን 2017

እህቴ፣ አብሽሪ። ሁለት ነገር ቀላቅለውብሻል። በጉባኤ ላይ በሌላ ሰው እጅ ድምፅ መስጠት ይቻላል አይቻልም የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ አይቻልም እንኳ ቢባል የሚከተለው ነገር ድምፅሽ አለመቆጠሩ ብቻ ነው። አባልነትሽ ግን ድምፅ ባለመስጠት አይሻርም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ለመከራከር ደግሞ ውክልናው ፍጹም ሌላ ነገር ነው፤ እህትሽ ለክርክር የሚያበቃ ቃል ያለበት ውክልና ከቆንስላው አስጽፋ ብትልክልሽ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ ከተረጋገጠ፣ ስለ እሷ መቆም ትችያለሽ። አሁን ያለሽ ውክልና ቤት ለማከራየትና ገንዘብ ለመቀበል ብቻ የሚል ከሆነ አይበቃም፤ «ለመክሰስና ለመከሰስ» የሚለው ቃል ይኑርበት።

ወልድያ | ጥር 11 ቀን 2017

አንድ ነገር ተዘሏል። እኛ በወልድያ በሌላ ማኅበር ጉዳይ ክስ መሥርተን ነበር። ተከሳሹ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ በቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አነሣብን፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ክርክር በቅድሚያ በዕርቅና በግልግል ዳኝነት መታየት አለበት አለ። መዝገባችን ስምንት ወር ከተጓተተ በኋላ በዚሁ ምክንያት ተዘጋ። የመንደራችን ሰው ዕርቅ ሲባል የአገር አስታራቂዎቹን አበጋሮች ነበር ያሰበው፤ ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያውስ ሽማግሌ ጠርተን ቡና አፍልተን እንጨርሰው» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እናንተም በዚህ እንዳትሰናከሉ።

ገራዶ | ጥር 11 ቀን 2017

ወልድያ፣ ትክክል ነዎት፣ እኔ መጀመሪያውኑ ማንሣት ነበረብኝ። የኅብረት ሥራ ሕጉ ዕርቅንና ግልግልን የሚያስቀድም ሥርዓት አለው። ነገር ግን ሥርዓቱ የተሠራው በማኅበሩ ውስጥ ለሚነሣ ክርክር ነው፤ አባል ከአባል፣ አባል ከማኅበሩ ወይም ከሥራ አመራር ኮሚቴው ጋር ሲጣላ። የእናንተ የወልድያ ጉዳይ ከኮሚቴው ጋር ይመስለኛል፤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ አልተሳሳተም። የደሴዎቹ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። እነሱ የሚቃወሙት መንግሥታዊ ሥልጣን ያለው አካል በደብዳቤ የሰጠውን ውሳኔ ነው። ገላጋይ ዳኛ አንድን መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ጠርቶ «ደብዳቤህን ሽር» የሚልበት ሥልጣን አላየሁም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ሆኖም ይህን መቃወሚያ ማንሣታቸው ስለማይቀር መንገዱን አስቀድማችሁ ዝጉ። ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ የጽሑፍ ቅሬታ አስገቡ፤ በግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስመቱ። መልስ ከሰጡ መልሱን፣ ዝም ካሉም ማኅተሙን ከክሱ ጋር አያይዙ። «ቅሬታውን በቃል ነገርናቸው» የሚል ነገር ለዳኛ አይነገርም።

ቧንቧ ውሃ | ጥር 12 ቀን 2017

የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጥቷልኮ! መሥሪያ ቤት ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት የሚመለከተውን ሰው እንዲሰማ ያስገድዳል፣ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊከለስ ይችላል። ለምን በዚያ አትከሱም?

ገራዶ | ጥር 12 ቀን 2017

አዋጁ የሚገዛው የፌዴራል አስተዳደር ተቋማትን ነው። የእናንተ መዝጋቢ የክልል መዋቅር ስለሆነ በዚያ አዋጅ ላይ የተመሠረተ ክስ በመጀመሪያው ቀን ይሰናከላል። የመሰማት መብት የሚለውን መርሕ ግን በክርክራችሁ ውስጥ ማንሣት አይከለከልም፤ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ጅዳ ላለ ሰው ጥሪ አይሆንም ለማለት አዋጅ መጥቀስ አያስፈልግም።

ስለ ቦታውም አንድ ነገር ልጨምር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የተጻፈ ነው፤ እናንተም የምትከራከሩት ስለ ባለቤትነት ሳይሆን ስለ ይዞታ መብት ነው። ከተማው «በጊዜው አልገነባችሁም» የሚል ምክንያት ካለው የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 የራሱ የማስጠንቀቂያና የቅሬታ ሥርዓት ስላለው በዚያ በኩል ይምጣ። ደብዳቤው ግን የግንባታን መዘግየት አልጠቀሰም፤ ያለው «ማኅበሩ ስለፈረሰ» ብቻ ነው። መፍረሱ ከተነሣ ቦታውን የመውሰጃው ምክንያት አብሮ ይወድቃል። ክሱን ስታጽፉ ራፖር ጻፊው ይህን ቀላቅሎ «ግንባታ ያልጀመርነው በጦርነቱ ምክንያት ነው» ብሎ ገጽ እንዳይሞላ ተጠንቀቁ፤ ያልተጠየቃችሁትን ጥፋት አምናችሁ ትገባላችሁ።

የኮምቦልቻው | ጥር 13 ቀን 2017

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግን ሦስቱ ገንዘብ የተቀበሉት ሰዎችስ? ፈርመው ወጥተዋል፤ ፊርማቸው መፍረሱን እንደመቀበል አይቆጠርም?

ጦሳ | ጥር 13 ቀን 2017

እስቲ ቀኖቹን እንያቸው። ውሳኔው የተሰጠው መስከረም ላይ ነው፤ ገንዘቡን የተቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ቁጥራችሁ ጎድሏል» ያለበት ቀን ላይ እነዚህ ሦስት ሰዎች አባል ነበሩ። ውሳኔ የሚመዘነው በተሰጠበት ቀን በነበረው ነገር ነው እንጂ ውሳኔው ራሱ ባስከተለው ነገር አይደለም።

ገራዶ | ጥር 13 ቀን 2017

ጦሳ ከጠበቃ የተሻለ ተናግሯል። የምጨምረው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ የቀራችሁት ከሳሾች ያንን ገንዘብ አትንኩ። ከመክፈያው ሰነድ ግርጌ «ከዚህ በኋላ በማኅበሩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል መሥመር ይኖራል። ችግር አስገድዶት የሚወስድ ሰው ካለ «መብቴ እንደተጠበቀ» ብሎ በእጁ ጽሑፍ ይጨምርበት፤ አያስጽፉኝም ካሉ አይፈርም።

ሰኞ ገበያ | መጋቢት 11 ቀን 2017

የሁለት ወር ዝምታዬን ይቅር በሉኝ፤ ባዶ እጄን ላለመመለስ ነበር። ጠበቃ ቀጥረናል፤ ጠበቃችንም ይህን ውይይት አንብቦ ሦስት ነጥብ እንደወሰደበት ነግሮኛል።

በጦሳ ምክር ሠንጠረዡን ሠራን። ባንኩ መግለጫውን ለመስጠት አምስት ሳምንት አመላለሰን፤ ሲመጣ ግን የ24ቱም ስም ከነአስገቡበት ቀን አለበት። ሁለት ሰዎች በ2010 እና በ2011 በማመልከቻ ለቅቀዋል። ሦስት ሞተውብናል፤ በደንባችን መሠረት ወራሽ ሟቹን ሊተካ ይችላል፤ የሁለቱ ወራሾች ማስረጃቸውን አውጥተዋል፣ የአንደኛው ልጅ ግን ባቲ አካባቢ አለ ከመባል በስተቀር እስካሁን አልተገኘም። ወራሾቹን ሳንቆጥር በሕይወት ያለነው 19 ነን። ከእነዚህ ዘጠኙ ሰኔ ላይ የተገኙት ናቸው። ከቀሩት አሥር አራቱ ዓረብ አገር፣ ሦስቱ ከሸሹበት ያልተመለሱ፣ ሦስቱ ደግሞ እዚሁ ደሴ ሆነው ያልሰሙ ናቸው። አንዷማ ከመሥሪያ ቤቱ በር ሦስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሱቅ አላት።

ክሱን በ14 ሰዎች ስም መሠረትን፤ ሁለታችን በቁጥር 38 መሠረት ስለ ሌሎቹ እንድንከራከር ተፈቀደልን። ቅሬታችንን ከነማኅተሙ አያይዘናል። መልስ ሳይሰጡበት 40 ቀን ሆኖት ነበር። እግዱ ተሰጥቷል፤ ክርክሩ እስኪወሰን ቦታው ለማንም እንዳይተላለፍ፣ ሒሳብ አጣሪውም ተጨማሪ ክፍያ እንዳይፈጽም ታዟል።

ወልድያ | መጋቢት 11 ቀን 2017

መቃወሚያ አነሡ?

ሰኞ ገበያ | ሚያዝያ 2 ቀን 2017

አነሡ፤ ሁለቱንም እዚህ የተገመቱትን። አንደኛው «ጉዳዩ በግልግል ይታይ» የሚል፣ ሁለተኛው «ማኅበሩ ስለፈረሰ ስለ እሱ ሊናገር የሚችለው ሒሳብ አጣሪው ብቻ ነው» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ውድቅ አድርጎ ብይን ሰጥቷል። በሁለተኛው ላይ የተሰጠው ምክንያት ባጭሩ ይህ ነው፤ መፍረሱ ራሱ አከራካሪ በሆነበት ጉዳይ ላይ መፍረሱን እንደተረጋገጠ ቆጥሮ ከሳሾችን ማሰናበት ክርክሩን ሳይሰሙ እንደመወሰን ነው።

የነገሩ ትልቁ ክፍል የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ መፍረሱን የወሰነበትን ቃለ ጉባኤና የተመሠረተበትን ማስረጃ እንዲያቀርብ አዘዘ። ያቀረቡት አንድ ገጽ ነው፤ በሰኔው ስብሰባ የተፈረመበት የስም ዝርዝር። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ፤ ከዘጠነኛው ስም በታች ያሉት መሥመሮች ባዶ ናቸው፤ እንዳይሞሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ በአግድም ተሰርዘዋል። ከሠንጠረዡ በላይ የተጻፈው ርእስ ግን «በስብሰባው የተገኙ አባላት ስም ዝርዝር» ይላል። ጠበቃችን ተነሥቶ የተናገረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የተገኙ አባላት ከተባለ፣ ያልተገኙ አባላት እነማን ናቸው?» የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ፋይሉ በጦርነቱ መጥፋቱን ተናገሩ። ዳኛው ፋይሉ ከጠፋ ቁጥሩ መጉደሉ በምን እንደታወቀ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አዘዙ።

የኮምቦልቻው | ሚያዝያ 2 ቀን 2017

ቃሌን አነሣለሁ። ይሁንና ብትረቱም ሥራው ገና ይጀምራል፤ ፍርዱ ማኅበሩን ይመልስላችኋል እንጂ ግድግዳ አያቆምላችሁም። እግዱ ባለበት ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ፣ በዚህ ጊዜ ለእያንዳንዱ አባል በእጅ አድርሳችሁ፣ ኮሚቴ ብትመርጡ እንደማኅበር በሕይወት መኖራችሁም ይታያል።

ገራዶ | ሚያዝያ 3 ቀን 2017

የኮምቦልቻው ያለው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እግዱ ሳይነሣ በማኅበሩ ስም አዲስ ውሳኔ ማስተላለፍ ሌላ ክርክር ይከፍታል። ተገናኙ፣ ተመካከሩ፣ ቃለ ጉባኤውን «የአባላት ምክክር» በሉት፤ ምርጫውን ከፍርዱ በኋላ አድርሱት። ውሳኔው በየትኛውም ወገን ላይ ቢወድቅ የይግባኙ ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ ግልባጩን ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜ ከወዲሁ አስቡት፤ ፍርዱ በተነበበበት ዕለት ማመልከቻችሁን ለሬጅስትራር አስገቡ።

ሐይቅ ዳር | ሚያዝያ 20 ቀን 2017

የእህቴ ውክልና ከጅዳ ደረሰ። «ለመክሰስና ለመከሰስ» የሚለው ቃል አለበት፤ ሁሉም ማኅተም ተሟልቷል። እኔም ከሳሾቹ ውስጥ እንድገባ ምን ላድርግ?

ሰኞ ገበያ | ሚያዝያ 20 ቀን 2017

እሰየው እህቴ። ጠበቃው በቁጥር 41 የጣልቃ ገብ አቤቱታ አዘጋጅቶልሻል። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፒያሳ ካለው ቢሮው ነይ፤ ዋናውን ውክልና ይዘሽ ነይ፣ ኮፒ እንዳይሆን። የእህትሽ የ2005 ደረሰኝም ካለሽ አትርሺው፤ በባንኩ መግለጫ ላይ የአባቷ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ስለተጻፈ እሱን ከደረሰኙ ጋር ማስተያየት አለብን። የባቲውን ልጅ የሚያውቅ ሰው እዚህ ካለ ደግሞ ቀጠሮው ሰኔ 4 ነውና ከዚያ በፊት በውስጥ መሥመር ይጻፍልኝ።